ያልጠጣሁት ኮሶ

ይድረስ ለይታይሽ፣ ለቤቴ እመቤት።

ደብዳቤ ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ግን ጤናሽን ብጠይቅሽ ምን ትመልሽልኛለሽ? እንግዲያው የራሴን ልንገርሽ። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ሆዴን ኦፕራሲዮን ካደረጉኝ ደግሞ ዛሬ ሃያ ስድስት ቀኔ ነው። አለሁ፤ ግን ፈርቻለሁ። ፈርቻለሁ ስልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ከእናትሽ ቤት፣ ከዘንገና ስንመለስ እባብ አየሁ ብዬ አንቺን ጥዬ ስሮጥ፣ እባብ ያልኩትን የገመድ ቁራጭ አንስተሽ እስከ ቤት ድረስ የሳቅሽብኝ አንቺ አይደለሽም? ያኔ መሳቅሽ እውነትሽን ነው። ያሁኑን ግን አትሳቂብኝ።

ሰው ደኅና ውሎ ደኅና ሲያድር ለሙት ደብዳቤ አይጽፍም። የእኔ ነገር ግን ለሕያው የሚነገር አልሆን አለኝ። ሐኪሙ የስፌት መኪናዬን ሁለት ወር እንዳልረግጥ ከልክሎኛል። የሰው አቡጀዲና ካኪ እንደታጠፈ ግድግዳው ሥር ተቆልሏል፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ሐሳቤ ሥራ በዛበት። ስለዚህ ከልጃችን ከማንጠግቦሽ ደብተር ጥቂት ሉክ ወረቀት ለምኜ በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ላይ ተቀምጫለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ነገር ላጫውትሽ። ቆርቆሮ ይልበስ እያልሽ ስትነዘንዢኝ የነበረው ቤት ባለፈው በጋ ቆርቆሮ ለበሰ። ዝናብ ሲወርድበት መደማመጥ የለም፤ አንቺ ብትኖሪ ደግሞ ሣሩ ይሻል ነበር ብለሽ ትነዘንዢኝ ነበር። ልጃችን ስምንት ዓመት ሞላት። ትምህርት ቤት ገብታ ፊደሉን ጨርሳ፣ አሁን ሱቅ ላይ የተጻፈውን ሁሉ እየቆመች ካላነበበች አታልፍም። ስትቆጣ ቁርጥ አንቺን ናት። እናትሽም ከፋሲካ ጀምሮ ከእኛ ጋር ናቸው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከማንጠግቦሽ ጋር በአገውኛ፣ ከፈረሳቸው ጋር በሁለቱም ያወራሉ።

ሕመሙ የጀመረኝ በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ነው። ጠዋት ሆዴን ነፋኝ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሱሪዬን መታጠቅ አቃተኝ። ሽቅብ ያስመልሰኛል፣ ቁልቁል ግን ምንም የለም፤ ንፋስ እንኳ እምቢ አለ። ቁርጠቱ ሲመጣ እጥፍ ያደርገኛል፣ ሲሄድ ላብ በላብ አድርጎኝ ይሄዳል። ሁለተኛው ቁርጠት እንደለቀቀኝ ምን እንደሆነ አወቅሁት። አንቺ ላይ አይቼዋለሁና።

ያንቺ ጊዜ የቅበላ ሰሞን ነበር። በጠዋት ሆድሽን ይዘሽ ተነሳሽና ኮሶዬ ነው፣ ሁለት ወር አልፎኛል፣ ጾሙ ሳይገባ ልጠጣው አልሽ። እኔም አመንኩሽ። እዚህ አገር ሆዱን የቆረጠው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ኮሶውን ነው፤ ሌላ በሽታ በሆድ የሚያድር አይመስለንም። እናትሽ አድርቀው የላኩልን ኮሶ ነበረ። አንቺ መቆም ስላቃተሽ እኔው ወቀጥኩት፣ እኔው በጥብጬ በዋንጫ አመጣሁልሽ። ግማሹን ጠጣሽና ይበቃኛል አልሽ። እኔ ግን ጨርሺው አልኩሽ፤ ግማሽ ኮሶ ትሉን ያስቆጣዋል እንጂ አያወጣውም አልኩሽ። አንገትሽን ደግፌ እስከ አተላው አጠጣሁሽ። በዓይንሽ እያየሽኝ ጠጣሽው። በሦስተኛው ቀን ቀበርንሽ።

ሰው ሁሉ ኮሶ ጥሏት ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው አለ። እኔም ከለቅሶኛው ጋር እንደዚያ አልኩ። ይበቃኛል ማለትሽን፣ ጨርሺው ማለቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ።

እናም የእኔ ሆድ ሲነፋ እናትሽ ኮሶ ሊፈልጉ ነጠላቸውን ደረብ አደረጉ። እኔ ከመደቡ ላይ ወርጄ በአራት እግሬ ወደ በሩ ዳኽሁ። ብልህ ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ዋንጫው ነው ያስፈራኝ። ጎረቤታችን አያ ሙጬ እንደዚያ ሆኜ አግኝቶ በጀርባው አዝሎ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ድሬሰሩ ሆዴን በሁለት ጣቱ መታ መታ አድርጎ አዳመጠና አንጀቱ ዞሯል፣ ውኃ እንኳ እንዳይቀምስ፣ ዛሬውኑ ባሕር ዳር ይድረስ አለ። ድንች በጫነ መኪና፣ ከጆንያው ላይ አጋደሙኝ። መንገዱን አልነግርሽም። ዳንግላ ላይ ሾፌሩ ምሳ ልብላ ብሎ ሊወርድ ሲል አያ ሙጬ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመበት፤ ሰውዬው ሳይበላ ነዳ። ዛሬ ያንን ሾፌር ሳስበው ያሳዝነኛል።

ስነቃ ሆዴ ከእምብርቴ በላይ እስከ ታች ተሰፍቷል። በጥቁር ክር፣ አሥራ አራት ስፌት። እንደ ባለሙያ ፍረድ ካልሽኝ የተራራቀ ስፌት ነው፤ እኔ ለካኪ ሱሪ እንኳ እንዲህ አድርጌ አልሰጥም። ሆኖም የሚታየው ስፌት አላስፈራኝም፤ ያስፈራኝ የማይታየው ነው። ሐኪሙ የሞተውን አንጀት ክንድ በሚያህል ቆርጦ እንዳወጣው፣ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ እንደሰፋው በአስተርጓሚ ነገረኝ። ስፌት እንዴት እንደሚተረተር በእንጅባራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሲወጠር ነው የሚተረተረው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዴ በተወጠረ ቁጥር ውስጤ ያለው ክር ይታየኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ፤ ይሄን ፈቅጄልሻለሁ። ሐኪሙ በየጠዋቱ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ንፋስ ወጣ ወይ? እሱ በራሱ ቋንቋ ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ይደግመዋል፣ ክፍሉ ሙሉ በሽተኛ መልሴን ይጠብቃል። አንቺ ፊት እንኳ ስንት ዓመት ተጠንቅቄ የኖርኩ ሰው! በአምስተኛው ቀን ሲወጣ አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ጮኹ፤ ከወዲያ ማዶ ያሉትም ተቀበሏቸው። አንቺ ብትሰሚው ኖሮ የእንጅባራ ገበያ በሙሉ በሰማ ነበር።

ልወጣ ስል አስተርጓሚውን፣ ከሐኪሞች ጋር ዘመኑን የፈጀ ሰው ነውና፣ ለብቻው አገኘሁት። የጎረቤቴ ሚስት እንዲህ እንዲህ ሆና ኮሶ ጠጥታ ሞተች፣ ምን ይመስልሃል አልኩት። የጎረቤቴ ሚስት አልኩሽ፤ ይቅር በይኝ። ሰውዬው ክፋት የለውም፣ ለማን እንደሚመልስም አላወቀም። አንጀቱ የዞረ ሰው ካልተቀደደ መዳኑ ጭንቅ ነው፤ ኮሶ ግን ያፋጥነዋል፣ የታነቀውን የባሰ ያንቀዋል አለኝ። ያፋጥነዋል። ሳትጠጪ ብትቀሪ ምን ያህል ትቆይ ነበር፣ መኪና ይደርስልሽ ነበር ወይ፣ ይሄን ሊነግረኝ አልቻለም። እኔም ደግሜ ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

ስለ ቁርጠቱ ግን በደንብ አስረድቶኛል። ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ተኝቶ የነበረ አንጀት ሲነቃ እንዲህ ነው፣ አትደንግጥ አለኝ። ጥቂት ጥቂት እያልክ ብላ፣ ባቄላና አተር ጥሬም ነገር አትንካ፣ ተኝተህ አትዋል፣ ተራመድ። ሆድህ ከተወጠረ፣ ካስመለሰህ፣ ንፋስ ከከለከለህ ግን በዚያው ቀን ና። አትደንግጥ ማለቱ ለእሱ ምን አለበት።

ቁርጠቱ ከእምብርቴ በስተግራ ነው የሚነሳው። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ አንጀቴን እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዘዋል። ጋቢዬን አራት አጥፌ ቁስሉን በሁለት እጄ እደግፍና አጥሩን ይዤ እዞራለሁ። ከተከልሽው ጌሾ እስከ በሩ ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። አንዳንዱ ቁርጠት በሁለት ዙር ይለቀኛል፣ አንዳንዱ ዘጠኝ ዙር ያዞረኛል። መራመድ ሲያቅተኝ በግራ ጎኔ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ለብ ያለ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ አቅፋለሁ። ትንፋሼን መያዝ እንደሚያብሰው ስለደረስኩበት ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ። ይሻለኛል። ፍርሃቱ ግን ከቁርጠቱ ጋር አይሄድም፤ እሱ ቤተኛ ሆኗል።

በልብስ መለኪያዬ ሜትር ሆዴን እለካ ጀመር። በቀን አምስት ጊዜ። በአንድ ጣት ከሰፋ ልቤ ይወርዳል፤ ከጠበበ ከስቼ ይሆን ብዬ ደግሞ በሌላ በኩል እፈራለሁ። ማንጠግቦሽ ይሄን አይታ ሜትሩን ራሷ ማምጣት ለመደች። ቁጥሩን ታነብልኝና ፊቴን ቀና ብላ ታያለች። ፊቴ ካላማራት ምሳዋን አትበላም። ልጅሽን እንዲህ ሆዴን ስታነብ ያየሁ ቀን ሜትሩን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት። በማግሥቱ መልሼ አወጣሁት።

አሁን ወደ ፈራሁበት ነገር ልምጣ። የአገራችንን ሰው ታውቂዋለሽ፤ በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም፣ ያመጣውንም ሳያቀምስሽ አይሄድም። ሐኪም ከልክሎኛል ስላቸው ይስቃሉ። ባለፈው ሳምንት የአያ ሙጬ ሚስት የባቄላ ንፍሮ ይዛ መጣች። እምቢ አልኩ። ካልቀመስክማ ሞቼልሃለሁ፣ በሞቴ አለችኝ። ባሏ አዝሎ ያዳነኝ ሴት በሞቴ ስትለኝ እንዴት ልመልሳት? አንድ እፍኝ ቃምኩ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሞቴ አለች፣ ደገምኩ። ይኸው ነው ጥፋቴ። አንጀቱ የተሰፋ ሰው በይሉኝታ ባቄላ ይበላል? እኔ በላሁ።

በማግሥቱ ቁርጠቱ እንደ ድሮው አልነበረም። ዘጠኝ ዙር ዞሬ አልለቀቀኝም፣ አሥራ አምስት ዞሬም አልለቀቀኝም። ሆዴ ነፋ። ከጠዋት ጀምሮ ንፋስ የለም። ሜትሩ በሦስት ጣት ሰፋ፤ ማንጠግቦሽ አንብባ ሜትሩን ጠቀለለችው። ያን ጊዜ ከጓዳ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። እናትሽ ኮሶ እየወቀጡ ነበር። ይታይሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ድምፅ ያስፈራኝ ነገር የለም። ሐኪሙ ቢላውን ሲያዘጋጅ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ጥቂት ቆይተው በዋንጫ በጥብጠው መጡ። ትሉ ነው ልጄ፣ ጠጣው፣ ያሽርሃል አሉኝ። ፊታቸውን አየሁት። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሲያለቅሱ ነው የወቀጡት። አልጠጣም ብል ለምን ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ብነግራቸው ደግሞ በገዛ እጃቸው ለቅመው፣ አድርቀው የላኩት ኮሶ ልጃቸውን እንዳፋጠናት ልነግራቸው ነው። እኔም እንዳጠጣኋት። እናትን በቁሟ እንዲህ አድርጎ የሚገድል ምን ዓይነት አማች ነው? ትንሽ ብቀምስላቸውስ ብዬ አሰብኩ። በእውነት አሰብኩ። እጄን ዘርግቼ ዋንጫውን ተቀበልኩ፤ ሽታው ሲደርሰኝ አንቺ በዓይንሽ እያየሽኝ ስትጠጪ ታየሽኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ሆድሽ ነፍቶ እንደነበር፣ ንፋስ እምቢ ብሎሽ እንደነበር፣ ይበቃኛል ስትይኝ ጨርሺው እንዳልኩሽ፣ አስተርጓሚው ያለኝን። እናትሽ ቆመው ሰሙኝ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አሉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ባትጠጣው ትድን ነበር? አላውቅም እማማ አልኳቸው። እውነቱ እሱ ነውና። ደግመው በአገውኛ ጠየቁኝ፤ ቋንቋው መልሴን የሚለውጠው ይመስል። አላውቅም አልኩ።

ተነስተው ዋንጫውን ከእጄ ወሰዱና ወጡ። ኮሶውን ከአጥሩ ሥር ሲደፉት በበሩ አየሁ። ዋንጫውን ግን አላጠቡትም፤ ይዘውት ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ማንጠግቦሽን ይዘው ወደ ዘንገና የሚሄዱ መሰለኝ። ከቁርጠቱ ይልቅ ይሄ በለጠብኝ። ብሞት ልጄን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ ስፈራ የኖርኩት ሰው፣ አሁን ደግሞ ብድንም ልጄን የማጣ መሰለኝ።

ከዚያ ቁርጠቱ ጎንበስ አደረገኝና ጮህኩ። እናትሽ ተመልሰው ገቡ። ትከሻቸውን በብብቴ ሥር አግብተው አነሱኝ፣ ጋቢዬን አጥፈው ሆዴ ላይ አደረጉልኝና አዞሩኝ። እሳቸውም እያለቀሱ፣ እኔም እያለቀስኩ አጥሩን ዞርን። ማንጠግቦሽ አያ ሙጬን ልትጠራ ሮጠች፤ እሱም መኪና ሊያቆም መንገድ ላይ ወጣ። ስንት ዙር እንደዞርን አልቆጠርኩም። መኪናው ከመገኘቱ በፊት ሆዴ ተንጫጫ፣ እንደ መፍታት አለ፣ ንፋሱ ወጣ። አማቴ ትከሻ ላይ እንደተደገፍኩ! ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ። እናትሽ ቆም ብለው ተነፈሱና በል አሁን ተኛ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳምንት ሆነው፤ ከቤቴ አልሄዱም። ስለዚያ ነገርም አላነሱብኝም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ እሱንም እፈራለሁ።

ዛሬም ጠዋት ቆርጦኝ ነበር፤ አራት ዙር። ፍርሃቱ አለቀ ብዬ አልዋሽሽም። ነገ ዳግመኛ ይዞር እንደሆነ፣ ያ የውስጡ ክር ይበጠስ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቃል ግን እገባልሻለሁ። ስሜ እንዳይጎድፍ ስል እየሸፈንኩ አላስታውስሽም፤ እንዴት እንደሞትሽ ሳልደብቅ አስታውስሻለሁ። ለነፍስ አባቴ ባለፈው እሑድ ተናግሬያለሁ። ሆዱ የነፋ፣ ንፋስ የከለከለው ሰው ባገኘሁ ቁጥር ያንቺን ነገር እነግረዋለሁ። እየፈራሁም ቢሆን።

ትናንት ጀመርኩት። ከጥሊሊ በኩል የመጡ ሰዎች አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ ተሸክመው ከመንገዱ ዳር ሊያርፉ ቆሙ። የሆዱን መነፋት ከሩቅ አየሁት። ሚስቱ ቅል ይዛለች፤ የቅሉ ሽታ እስከ በሬ ሲደርሰኝ ኮሶ መሆኑን አወቅሁ። ጋቢዬን ሆዴ ላይ ይዤ ወጣሁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባለቤቴ ይታይሽ ትባል ነበር፣ እንዲሁ ሆና ኮሶ አጠጣኋትና ሞተች፣ ጨርሺው ያልኳት እኔ ነኝ አልኩ። ሸሚዜን ገልጬ ስፌቴን አሳየኋቸው። ሴትየዋ ቅሉን ጣለችው። ድሬሰሩ ጋ ወስደናቸው፣ እሱም እንደ እኔ በጭነት መኪና ወደ ባሕር ዳር ላካቸው።

ሰውዬው ይዳን አይዳን እስካሁን አልሰማሁም። ሚስቱ ግን መኪናው ሊነሳ ሲል ከጭነቱ ላይ አጎንብሳ፣ የባለቤትህ የክርስትና ስም ማን ነው፣ በጸሎቴ እንዳነሳት ንገረኝ አለችኝ። ወለተ ሚካኤል አልኳት። እንዳይጠፋት እየደጋገመች ስትለው፣ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ያንቺው ደሳለኝ